የባሌ ዓሣ፣ የጉና ጅረት

ከጉና ተራራ ግርጌ፣ እስቴ ውስጥ፣ ወደ ጉማራ በሚወርድ አንድ ጅረት ዳር ሁለት ሰዎች ይጫወታሉ። አንደኛው ዕድሜያቸውን እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። ሁለተኛው የእህታቸው ልጅ ነው፤ ባሌ ውስጥ ለዓመታት የሠራ የዓሣ ሀብት ባለሙያ። ወሩ ኅዳር ነው፤ የክረምቱ ድፍርስ ጠርቷል።

አጎት፦ በል ልጄ፣ ያን የባሌውን ዓሣ ነገር አጫውተኝ። ፈረንጅ ዘንግ ተሸክሞ፣ ባሕር አቋርጦ እየመጣ ያጠምደዋል ሲሉ ሰማሁ። እኛም እኮ ጉና አለን። ብርዱ አለ፣ ውኃው አለ። ተምረው ሥራ ያጡ፣ መንገድ ዳር የሚውሉ ልጆችም አሉን። ለምን ከዚያ አምጥተህ እዚህ አትጥልልንም?

ባለሙያ፦ ከዓሣው ልጀምርልዎ፣ አጎቴ። ስሙ ትራውት ነው። ባሌ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ቡናማው፣ ሌላው ቀስተ ደመና የሚሉት። ዲንሾ አጠገብ በሚፈሰው ዳንካ በሚባል ትንሽ ወንዝ፣ በወይብና በሻያም ይገኛል። ቀዝቃዛና ጥርት ያለ፣ ፈጥኖ የሚፈስ ውኃ ይወዳል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፤ ወደ 25 ከተጠጋ ነፍሱን ማቆየት ይከብደዋል።

አጎት፦ የጉና ውኃ መቼ ሞቆ ያውቃል?

ባለሙያ፦ ወደ አናቱ አይሞቅም። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ጓሳው፣ ጅብራውና አስታው ባለበት ከፍታ የሚፈልቀው ውኃ ትራውትን ሊያኖረው ይችል ይሆናል። ስለዚህ «ይኖራል ወይ?» ብለው ቢጠይቁኝ አልከራከርዎትም። የምከራከረው «ይምጣ ወይ?» በሚለው ላይ ነው።

አጎት፦ እሱን እንደርስበታለን። መጀመሪያ እንዴት እንደሚያዝ ንገረኝ። ፈረንጁ ለመብል ያህል ብቻ ይህን ሁሉ መንገድ አይመጣም።

ባለሙያ፦ አይመጣም። ብዙዎቹ ይዘው መልሰው ይለቁታል። የሚመጡለት ነገር ጥበቡ ነው። በተለይ በትንሽና ጥሻ በለበሰ ጅረት ላይ ማጥመድ እጅግ ትዕግሥት ይጠይቃል። ትራውት ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ውኃው መምጫ አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ምግቡ ከላይ እየተንሳፈፈ ስለሚወርድለት። ስለዚህ አጥማጁ ከታች ወደ ላይ፣ ከዓሣው ጀርባ ይመጣል። ቆሞ ከሄደ ይታያል። ዓሣው ከውኃው ሥር ሆኖ ሲያይ ከላዩ ያለውን ዓለም በአንዲት ክብ መስኮት ውስጥ ነው የሚያየው፤ ከምድሩ ጋር ዝቅ ብሎ የሚሄድ ሰው ግን በቀላሉ አይታየውም። በጉልበት መንበርከክ፣ አንዳንዴም በደረት መሳብ ያስፈልጋል።

አጎት፦ ኮቴም ይሰማል፣ አይደል? እኛ ልጅ ሆነን ጫማ የለንም፤ እንዲያም ሆኖ ድንጋይ ካንቀጫቀጭን ያ ኩሬ ለዚያን ቀን አበቃለት።

ባለሙያ፦ እውነትዎን ነው። በጎኑ ከራሱ እስከ ጅራቱ የሚሄድ መስመር አለው፤ የውኃውንና የምድሩን ንዝረት በዚያ ያውቃል። ደግሞ ጥሻ ባለበት ዘንግ ወደ ኋላ አንሥቶ መወርወር አይቻልም፤ መንጠቆው ቅርንጫፍ ይይዛል። ስለዚህ አጥማጁ አጭር ዘንግ ይይዝና መንጠቆውን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ክሩን ወደ ራሱ ይስባል። ዘንጉ እንደ ደጋን ይለጠጣል። ሲለቀው መንጠቆው ከቅርንጫፎቹ ሥር በዝቅታ ሄዶ፣ በሌላ መንገድ በማይደረስበት ጥላ ውስጥ ያርፋል። ያ የመጀመሪያው ውርወራ ነው ሁሉንም የሚወስነው። ከተበላሸ ዓሣው ከዳሩ ሥር ይገባል፤ አጥማጁም ቀጥሎ ወዳለው ኩሬ ይሄዳል።

አጎት፦ መንጠቆው ላይ ምን ያደርጋሉ? እኛ ፌንጣ ነበር የምናደርገው። ዘንጋችን ቀርቀሃ፣ ክራችን ከፈረስ ጭራ የተገመደ። ፌንጣዋ ገና ውኃውን ከመንካቷ «ጭልጥ!» ያደርጋታል።

ባለሙያ፦ እንዲያውም የዓለም አጥማጅ ሁሉ እንዲሁ ነው የጀመረው። የጃፓን ተራራ ሰዎች እስካሁን ማጠንጠኛ የሌለው ረጅም ዘንግ ይዘው፣ ክሩን ጫፉ ላይ ብቻ አስረው ነው የሚያጠምዱት። ከ1,800 ዓመት ግድም በፊት የኖረ ኤሊያን የሚባል ጸሐፊ ደግሞ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና የዶሮ ላባ ጠምጥመው ዝንብ አስመስለው እንደሚያጠምዱ ጽፏል። ዛሬም የትራውት አጥማጆች የሚያደርጉት ያንኑ ነው፤ ላባ፣ ክር፣ ትንሽ መንጠቆ። ዓሣው የሚበላው ምን እንደሆነ ያላወቀ ግን ላባውን ቢያሳምረው ዋጋ የለውም። የሚበላው ደግሞ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከድንጋይ ሥር የሚያድጉ የውኃ ነፍሳት ናቸው። ሌላው ከቁጥቋጦው የሚወድቀው ነው፤ ጉንዳኑ፣ ጢንዚዛው፣ የአንቱ ፌንጣ።

አጎት፦ ስለዚህ ቁጥቋጦ ከሌለ ምግብም የለም።

ባለሙያ፦ ምግብ ብቻ አይደለም። ቅጠሉ ውኃው ውስጥ ረግፎ ሲበሰብስ የውኃ ነፍሳቱ ይበሉታል፤ እነሱን ዓሣው ይበላቸዋል። ጥላው ውኃውን ያቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ ከሞቀው የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። ሥሩ አፈሩን አቅፎ ይይዛል፤ ጎርፍ ሲመጣ ዳሩ አይናድም። የተናደ አፈር ጠጠሩ ላይ ሲተኛ እንቁላሉን ያፍነዋል። ትራውት እንቁላሉን የሚጥለው በጠጠር መካከል ነው፤ በጠጠሩ ክፍተት ንጹሕ ውኃ እየገባ እየወጣ ካልሆነ ጽንሱ ይሞታል።

አጎት፦ ቆይ እስቲ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ስለ ባሌው ዓሣ ነው ወይስ ስለ እኛው? የእኛም ዓሣ በክረምት ከጣና ወጥቶ ጠጠር ፍለጋ ነው የሚመጣው። አባቶቻችን ያውቁታል። ሐምሌ ሲገባ፣ ጉማራ ሲሞላ፣ ዓሣው ሽቅብ ይሄዳል።

ባለሙያ፦ ወደዚህ ነው ላመጣዎት የፈለግሁት። ባሕር ዳር ዓሣ አስጋሪዎች ነጭ ዓሣ የሚሉት አለ። በጣና ውስጥ የዚህ ወገን 17 ዝርያዎች አሉ ይላሉ አጥኚዎቹ፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም። አንዳንዶቹን ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ለዓለም አስተዋወቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ናገልከርከና ሲቢንግ የሚባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች ሌሎች ሰባት አዳዲስ ዝርያዎችን ለይተው ጻፉ። ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ገባሮች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ፈጥኖ በሚፈስ ጥርት ያለ ውኃ፣ በጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ትራውት የሚፈልገውን ሁሉ እነሱም ይፈልጋሉ።

አጎት፦ እንዴት አንድ ሐይቅ ብቻ ይህን ሁሉ ዓይነት አበጀ?

ባለሙያ፦ ጢስ ዓባይ ነው ምክንያቱ። ፏፏቴው 40 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከታች ያለ ዓሣ ሽቅብ ሊወጣበት አይችልም። ጣና ደግሞ ከ15 ሺህ ዓመት ግድም በፊት ደርቆ እንደገና የሞላ ሐይቅ ነው። ከሞላ በኋላ ተዘግቶባቸው የቀሩት ዓሦች ሐይቁን ተከፋፈሉት። አንዱ ከጭቃው ለቅሞ ይበላል፣ ሌላው ነፍሳት፣ ስምንቱ ደግሞ ዓሣ አዳኝ ሆኑ። መንጋጋው ላይ ጥርስ ከሌለው ወገን ይህን ያህል ዓሣ በል መውጣቱ ዓለምን የሚያስገርም ነው። እዚሁ ጉና ላይ ቆመው ያስቡት፤ በምዕራብ በኩል የወረደ ዝናብ በርብና በጉማራ ጣና ይገባል። በምሥራቅ በጋይንትና በስማዳ በኩል የወረደው ወደ በሽሎ ይሄዳል፤ በሽሎም ዓባይን የሚገናኘው ከጢስ ዓባይ በታች ነው። አንድ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ሁለት የተለያዩ የዓሣ ዓለሞችን ያጠጣል።

አጎት፦ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ የኖርሁት በሁለቱ ድንበር ላይ ነው ማለት ነው። እንግዲህ የእኛ ዓሣ ይህን ያህል ብርቅ ከሆነ ትራውቱ ቢጨመርበት ምን ይጎዳል? ላም ባለበት ፍየል ቢጨመር ማን ይከሳል?

ባለሙያ፦ ትራውት ፍየል ቢሆን ባልተቃወምሁ። እሱ ግን አዳኝ ነው። ከጠጠሩ ተፈልፍሎ ወደ ሐይቁ ለመውረድ የሚታገለውን ጫጩት ከላይ ሆኖ ሊበላው ይችላል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከዓለም እጅግ ጎጂ ናቸው ብሎ በዘረዘራቸው መቶ ወራሪ ዝርያዎች ውስጥ ቡናማውም ቀስተ ደመናውም ትራውት አሉ። የፊሊፒንስን ላናዎ ሐይቅ ልንገርዎት። ልክ እንደ ጣና የራሱ የሆነ፣ ከእኛ ነጭ ዓሣ ጋር ከአንድ ታላቅ ቤተሰብ የሚመደብ የዓሣ ዘር ነበረው። ሰዎች ከውጭ ዓሣ አምጥተው ጨመሩበት፤ ከልክ ያለፈ ማጥመድም ተደረበ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኅብረቱ ከዚያ ሐይቅና ከመውጫው ወንዝ 15 ዝርያዎች ፈጽመው መጥፋታቸውን፣ 2 ደግሞ ሳይጠፉ እንዳልቀሩ አስታወቀ። ላናዎ ከጠፋ በኋላ በዓለም ላይ የዚህ ዓይነት የትልልቅ ዓሦች ስብስብ የቀረው ጣና ላይ ብቻ ነው ይላሉ አጥኚዎቹ።

አጎት፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይሏል ይኸው ነው።

ባለሙያ፦ ልክ ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅም እንዲሁ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የሚባለውን ትልቅ አዳኝ ዓሣ ጨመሩበት፤ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ዝርያዎች ጠፉ።

አጎት፦ ባሌስ? እዚያ ሲጨመር ማንም አልተቆጣም?

ባለሙያ፦ ባሌ የገባው እ.ኤ.አ. በ1967 ከኬንያ ነው። ወደ ኬንያም እንግዳ ሆኖ ነው የገባው፤ ኢዋርት ግሮጋን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1905 ሎክ ሌቨን ከሚባል የስኮትላንድ ሐይቅ የትራውት እንቁላል አስመጥቶ ጨመረ። በዚያ ዘመን ማንም እንግዳ ዓሣ መጨመርን እንደ ጥፋት አያየውም ነበር። ባሌ ያለው ትራውት ዛሬ እዚያው ለምዷል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎች ያጠምዱታል፣ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የባሌን ነገር ባሌዎች ይያዙት። እኔ የምለው የጣና ገባሮች አናት ላይ እሱን መጣል የማይመለስ ውሳኔ ነው።

አጎት፦ ካልተስማማን እናወጣዋለን።

ባለሙያ፦ አይወጣም፣ አጎቴ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሮንደጋት በሚባል ትንሽ ወንዝ ውስጥ ባስ የሚባል እንግዳ አዳኝ ዓሣ ገብቶ ነባሮቹን አጠፋቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ባለሙያዎቹ ያገኙት መፍትሔ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ወንዝ ሙሉ በመርዝ ማጥራት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ነባሮቹ የተመለሱት። መርዙ ሮተኖን ይባላል። ያው በብርብራ ፍሬ ውስጥ ያለው ነው።

አጎት፦ የእኛው ብርብራ?

ባለሙያ፦ የእናንተው።

አጎት፦ እሱን እኔ ልንገርህ እንጂ። ፍሬውን ያደርቁና ይወቅጡታል፤ ዱቄቱን በውኃ ለውሰው ከኩሬው በላይ ያፈሳሉ። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ትልቁን ይለቅማሉ፤ ጣት የማታክል ጫጩት በቁልቁለቱ ስትንሳፈፍ ማንም አያነሣትም። ሰው ጥሩ አደንሁ ብሎ ይመለሳል። በዓመቱ ሲመለስ ባዶ ውኃ ያገኛል፤ ከዚያ «ዓሣው ሄደ» ይላል። ዓሣው አልሄደም፤ ዘሩ ነው የተገደለው።

ባለሙያ፦ ያ መርዝ ዓሣው ኦክስጅኑን እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። አንድም ሳይመርጥ ነው የሚገድል። በተለይ በክረምት፣ እናቶቹ እንቁላል ተሸክመው በመጡበት ጊዜ ሲሆን የአንድ ዓመት ትውልድ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የአገሪቱ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 መርዝ ተጠቅሞ ማጥመድን ይከለክላል። ሕጉ ግን ቢሮ ተቀምጦ ብርብራ አይቀማም። ጥፋቱም የላይኛው አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ጣና ላይ በሞተር ጀልባና በመረብ ማስገር ተጀመረ። ዓሣው ለመራባት በወንዞቹ አፍ ሲሰበሰብ መረቡ እዚያው ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት የነጭ ዓሣው ክምችት በክብደት በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ።

አጎት፦ የታቹን ታች ያሉት ይነጋገሩበት። እኛ ስለ ላዩ እንነጋገር። ይህን ጅረት ከላይ እስከ ታች በዓይኔ ልከፋፍልልህ። አናቱ ላይ፣ እርሻው እስከ ውኃው አፍ የደረሰበት፣ በክረምት ጭቃ ይወርዳል፣ በበጋ ደግሞ ድንጋዩ ብቻ ይቀራል። እዚያ ዓሣ የለም። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ አኻያው፣ ቀጋውና እንጆሪው ተጠላልፎ ሰው በቀላሉ በማይገባበት፣ ውኃው የካቲትም ይፈሳል። እዚያ ዓሣ አለ፤ ድንጋይ ላይ በአፉ የሚለጠፈው ትንሹም አለ። ከዚያ በታች ባሕር ዛፍ የተተከለበት ደግሞ መጋቢት ሳይገባ ኩሬዎቹ ይደርቃሉ።

ባለሙያ፦ አጎቴ፣ አንቱ የተናገሩት ራሱ ጥናት ነው ማለት ይቻላል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንቷል፤ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖም ከብት እንዳይገባ ሕዝቡ ደኖቹን በድንጋይ ካብ እንዲያጥር ረድቷል። ካቡ ዛፉን ብቻ አይጠብቅም፤ ከሥሩ የሚፈልቀውን ውኃም ይጠብቃል። እዚህ ጅረት ውስጥ ዓሣ የቀረው ደግሞ አንድም ሰው ዓሣ ስለጨመረ አይደለም፤ ደኑ የተቀደሰ ነው ተብሎ ቅርንጫፉ ስላልተቆረጠ ነው።

አጎት፦ እንግዲያው እንዲህ ልጠይቅህ። ሰው የሚከራከርበትን እኔ ልናገርለት። መሬቱ ጠቧል። አንድ ጥማድ የሌለው ልጅ ከውኃው ዳር አምስት ፈር ጨምሮ ቢያርስ ምን ትለዋለህ? ባሕር ዛፉንስ ንቀል ትለዋለህ? ቤቱን የሠራው፣ ልጁን ያስተማረው በእሱ ነው።

ባለሙያ፦ ንቀል አልለውም። ወደ ተዳፋቱ ከፍ አድርገህ ትከል እለዋለሁ። ባሕር ዛፍ ከውኃው አፍ ሲርቅ ገንዘቡ አይቀንስም። በአፋፉ ላይ ግን አኻያ፣ ሸንበቆና ቀርቀሃ ይተከል። አንቱ ለመሆኑ ምን ያህል ቦታ ይበቃል ይላሉ?

አጎት፦ ከውኃው ግራና ቀኝ አሥር አሥር እርምጃ ብንተው ማንም አይራብም። ሣሩን እያጨደ ለከብቱ ይወስዳል፤ ከብቱን ግን አያስገባም። ሸንበቆውን እየቆረጠ ይሸጣል። ጥሻው ሲያብብ ቀፎ ይሰቅልበታል። እና ከአሥሩ እርምጃ ያጣውን እህል በማርና በሣር አላገኘውም ማለት ነው? ከዚህ የሚበልጠው ግን አፈሩ ነው። በየክረምቱ ዳሩ ሲናድ አንድ ፈር፣ ሁለት ፈር ይሄድበታል። ዛሬ አምስት ፈር ያተረፈ ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ አሥር ፈር ጎርፍ በልቶበት ያገኘዋል። ይህን እኔ አይቻለሁ፤ ከእኔ እርሻ በታች ያለው ገደል ልጅ ሳለሁ አልነበረም።

ባለሙያ፦ ለልጆቹ ሥራ ያሉትስ? ለእሱም መልስ አለኝ። ፈረንጁ ባሌ የሚሄደው በሌላ አገርም የሚገኝ ዓሣ ለማጥመድ ነው። የጣና ነጭ ዓሣ ግን በሌላ አገር የለም። ቀላል ዘንግ ይዞ፣ ጥሻ ባለበት ጅረት ላይ እየተንበረከከ ያንን ለመሞከር የሚመጣ ሰው ይኖራል። ነገር ግን ዓሣው ቀድሞ መኖር አለበት። አስጎብኚው፣ ጠባቂው፣ ማር ሻጩ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ደግሞ አጥማጅ ከመሆናቸው በፊት ሥርዓቱን መልመድ አለባቸው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ማንም አያጠምድም። መረብ አይዘረጋም፤ አንድ ዘንግ፣ አንድ መንጠቆ ብቻ። የመንጠቆው ጫፍ ጠለፋ አይኑረው፤ ዓሣው ሳይቀደድ እንዲወጣ። የሚለቀቀው ዓሣ በእርጥብ እጅ ይያዝ፤ ደረቅ እጅ ገላውን የሚጠብቀውን ዝልግልግ ይገፍፋል። ትልቋ እናት ትለቀቅ፤ ከትንንሾቹ ይልቅ ብዙ እንቁላል የምትጥለው እሷ ናት።

አጎት፦ የሚበላ የለም ማለት ነው?

ባለሙያ፦ ይበላል እንጂ። ለራት የሚበቃ ያህል፣ ከወራቱ ውጭ፣ በመንጠቆ። መንጠቆ ከብርብራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው አንዱን ሲወስድ ሌላው ይቀራል።

አጎት፦ እንግዲህ ስማኝ። ከመንደሩ ማኅበር ጋር እሁድ ስንገናኝ እኔ ነገሩን አነሣለሁ። አንተም ና፤ የላናዎን ነገርና የመርዙን ነገር አንተ ንገራቸው፤ የአሥሩን እርምጃ ነገር እኔ እናገራለሁ። ካህናቱም ይኑሩበት፤ ቃላቸው ይሰማል። ብርብራ ያፈሰሰ ሰው ከማኅበሩ ቅጣት ይከፍላል፣ በቅጣቱም ችግኝ ይገዛበታል ብለን እንስማማ። ከላይ እርሻው ውኃው አፍ የደረሰበትን ሰውዬ እኔ አውቀዋለሁ፤ እሱን እኔ አነጋግረዋለሁ፤ ካስፈለገው ደግሞ ከእኔ ጥግ ትንሽ መሬት ይውሰድ።

ባለሙያ፦ ከእርሻዎ ሊሰጡት ነው?

አጎት፦ አኻያው አንዴ ከጸና ያንን መሬት የሚበላ ጎርፍ አይኖርም። መስጠት አልለውም እኔ፤ ጎርፉ ቀድሞ ከሚወስደው ጎረቤቴ ይውሰደው። ስለ ትራውቱ ደግሞ ለልጆቹ የምለውን ነግረኸኛል፤ የሰው አገር ዓሣ ከመለመናችን በፊት የራሳችን በየዓመቱ ከጣና እስከ ደጃችን እየመጣ መሆኑን ይወቁ። መንገዱን ካልዘጋንበት፣ ጠጠሩን ካላጨቀየንበት፣ ጥላውን ካልቆረጥንበት ይመጣል። የእኛ ሥራ ይኸው ነው፤ ከዚህ ሐምሌ በፊት መጀመር አለበት።